የንግግር ጥበብና የአሳማኝ ጽሑፍ መሠረታዊ ቃላት

የንግግር ጥበብ ወይም ሬቶሪክ፣ ሰውን በቃል አሳምኖ ወደ አንድ አቋም ወይም ተግባር ለማምጣት የሚያገለግሉ ዘዴዎች የሚጠኑበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። ቃሉ ዛሬ ፍሬ ቢስ ዲስኩርን ለመንቀፍ ሲውል ቢሰማም፣ አርስቶትል (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት) የተረጎመው በማናቸውም ጉዳይ ላይ ሊያሳምን የሚችለውን ነገር ለይቶ የማየት ችሎታ አድርጎ ነው። ከመናገር በፊት ማየትን ማስቀደሙ ሊተኮርበት የሚገባ ነው።

አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል። ኤቶስ የተናጋሪው ተአማኒነት ነው፤ እርሱ እንደሚለው ይህ ተአማኒነት መመንጨት ያለበት ቀድሞ ከተገኘ ዝና ሳይሆን ከንግግሩ ከራሱ ሲሆን፣ አድማጭ በተናጋሪው ላይ አስተዋይነትን፣ መልካም ምግባርንና በጎ ፈቃድን ሲያይ ያምነዋል። ፓቶስ የአድማጭን ስሜት መንካት ነው። ብዙዎች እንደ ማታለያ ቢቆጥሩትም፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና ርኅራኄ በፍርድ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ሳያውቁ ስለ ማሳመን መናገር አይቻልም። ሎጎስ ደግሞ በማስረጃና በአመክንዮ የሚቀርበው ሙግት ነው።

ከዚህ ጋር ካይሮስ የሚባል ቃል አለ፤ አንድን ነገር ለመናገር ተገቢ የሆነውን ጊዜና ሁኔታ ያመለክታል። የሮማ ተናጋሪዎች፣ በተለይም ሲሴሮ፣ የተናጋሪን ሥራ በአምስት ክፍል አስተምረዋል፤ እነዚህም ሐሳብ ማግኘት፣ ማደራጀት፣ በቋንቋ ማስዋብ፣ በቃል መያዝና ማቅረብ ናቸው።

ለጸሐፊ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሙግትን አካላት መለየት ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራ ሙግትን በስድስት አካላት አብራርቶታል። «ድልድዩ መዘጋት አለበት» የሚለው አቋም ነው፤ «ምሰሶዎቹ ተሰንጥቀዋል» የሚለው ማስረጃ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ሐሳብ፣ ማለትም የተሰነጠቀ ምሰሶ የተሻጋሪዎችን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል የሚለው፣ አገናኝ ምክንያት ይባላል። አርስቶትል ኤንቲሜማ ያለው የሙግት ዓይነትም እንዲሁ አንዱን መነሻ ሐሳብ አድማጩ ራሱ እንዲሞላው ሊተው ይችላል፤ ኃይሉም ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። አንባቢው ያልተጻፈውን ሐሳብ የማይጋራ ከሆነ የማስረጃ ክምር ብቻውን አያሳምነውም፤ ጸሐፊው አገናኙን ምክንያት አውጥቶ መጻፍና አራተኛው አካል በሆነው በተጨማሪ ድጋፍ ማጽናት ይኖርበታል፣ ለምሳሌ ስንጥቁ ምን ያህል ክብደት የመሸከም አቅም እንደሚቀንስ በመሐንዲሶች ምርመራ ማሳየት።

ቀሪዎቹ ሁለት አካላት ገደብና ማፍረሻ ናቸው። ገደብ «ምናልባት»፣ «በአብዛኛው» በመሳሰሉ ቃላት የአቋሙን የጥንካሬ መጠን ይለካል፤ ማፍረሻ አቋሙ የማይሠራበትን ሁኔታ ያሳያል፣ ስንጥቁ ልስኑን ብቻ የነካ ከሆነ እንደማለት ነው። ተቃራኒ ሐሳብን በታማኝነት ማንሳት ከዚህ ይወለዳል፤ የተቃዋሚን ሐሳብ አዛብቶና አቅልሎ አቅርቦ ያንን የተዛባውን ማፍረስ ግን፣ ሙግቱን ትቶ ተሟጋቹን ከማጥቃት ጋር፣ የአመክንዮ ስሕተት ተብለው ከሚታወቁት አንዱ ነው።