ገና ያልተመረቀ ስልክ ምስጢሩ እንዴት ይሾልካል?

አንድ ስማርት ስልክ በይፋ ሊተዋወቅ ወራት ሲቀሩት ቅርጹ፣ የካሜራው አቀማመጥ፣ የባትሪው አቅም፣ አንዳንዴም ስሙና ዋጋው ሳይቀር ሰው ጆሮ ይደርሳል። ወሬው ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ሁለት ዓይነት ግን ነው። ሾልኮ የወጣ መረጃ የሚባለው ከጀርባው የሚታይ ነገር ያለው ነው፦ ፎቶ፣ ሰነድ፣ የሶፍትዌር ኮድ ወይም ራሱ ስልኩ። ጭምጭምታ ደግሞ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ቃል ነው፤ ተናጋሪው ከታመነ ይታመናል፣ ካልታመነ ይወድቃል። በየዕለቱ የሚወራው ሁለቱን እየደባለቀ ስለሆነ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን መለየት አለበት።

ምስጢር የማይጠበቅበት ዋናው ምክንያት የአመራረቱ ባሕርይ ነው። አዲስ ስልክ በብዛት መመረት ከመጀመሩ በፊት በሦስት የሙከራ ዙሮች ያልፋል። በመጀመሪያው የታሰበው ነገር መሥራቱ ይታያል፤ በሁለተኛው ቅርጹና ጥንካሬው ይፈተናል፤ በሦስተኛው የፋብሪካው መስመር ራሱ ይሞከራል። ስክሪኑ ከአንድ ድርጅት፣ ሌንሱ ከሌላ፣ ባትሪው ከሦስተኛ ይመጣል። ገጣጣሚው፣ ሞካሪው፣ የካርቶን አታሚው፣ ማስታወቂያ ቀራጩ፣ የቴሌኮም ባለሙያው ሁሉ ከምስጢሩ ቁራሽ ይደርሳቸዋል። በዚህ ሁሉ እጅ አልፎ አንድም ነገር ተሸሽጎ መቆየቱ ነው እኔን የሚደንቀኝ።

ሕግ ራሱ ምስጢር የሚያስወጣበት ጊዜም አለ። የሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ ዕቃ በአሜሪካ እንዲሸጥ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የፈቃዱ መዝገብ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲያሳይ ስልኩ ገበያ ላይ ለመዋል ገና ወራት ይቀሩት ነበር፤ የወጣው ጁን 29 ነው። ጆብስ ለምን እንደቸኮለ እዚያው መድረክ ላይ ተናግሯል፤ ኮሚሽኑ ቀድሞ ከሚያስተዋውቅልን እኛው ብናስተዋውቀው ይሻላል የሚል ነበር ሐሳቡ። ዛሬ ኩባንያዎች ፎቶዎቹና የአጠቃቀም መመሪያው ለተወሰነ ጊዜ እንዲሸሸጉላቸው ይጠይቃሉ፤ የሞዴል ቁጥሩና ስልኩ የሚጠቀምባቸው ሞገዶች ግን ይታያሉ። በቻይና ቴና የሚባለው የምዝገባ አካል ከዚህም ያልፋል፤ የስልኩን ፎቶ፣ ልኩንና ክብደቱን ጭምር ያወጣል። 3ሲ የተባለው ሌላው የቻይና ማረጋገጫ ደግሞ የቻርጀሩን ዋት ያሳያል። ከሁሉም ምንጮች አብልጬ የማምነው ይህንን ነው፤ ፈቃድ ሰጪ አካልን መዋሸት ዋጋ ያስከፍላልና።

የስልክ ከቨር ሠሪዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስልኩ በወጣበት ቀን መደርደሪያ ላይ መገኘት ስለሚፈልጉ ትክክለኛውን ልክ አስቀድመው ያፈላልጋሉ፤ ለፋብሪካ የተዘጋጀው የኮምፒውተር ንድፍ እጃቸው ሲገባም ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኦንሊክስ በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ ዝናውን ያተረፈው እንዲህ ካሉ ንድፎች በሚሠሩ ምስሎች ነው። አንዱን ምስል ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። የድምፅ ቁልፉ የት እንዳለ፣ የካሜራው ጉብታ ከጀርባው ምን ያህል እንደወጣ፣ ጠርዙ የቱ ጋ እንደሚጎብጥ በሚሊሜትር ተለክቶ የመጣ ነው። በላዩ የሚያብረቀርቀው ቀለምና የመስታወቱ ልስላሴ ግን ብዙ ጊዜ የሠዓሊው ግምት ነው፤ ንድፉ ስለ ቀለም የሚለው ነገር የለም። ተመልካቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚወደው ቀለሙን ነው።

ሶፍትዌርም ባለቤቱን ያጋልጣል። በጁላይ 2017 አፕል ገና ለገበያ ላልበቃው ሆምፖድ ድምፅ ማጉያ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ አስቀመጠ። ፕሮግራመሮች ውስጡን ሲበረብሩ ዲ22 የሚል የምስጢር ስም፣ ፊትን ለይቶ ስለሚከፍት ሥርዓት የሚናገር ኮድ፣ ጠርዙ የሳሳና አናቱ ላይ ጥቁር ሰርጥ ያለው የስልክ ምልክት አገኙ። ያ ስልክ በሴፕቴምበር 12 አይፎን ኤክስ ተብሎ ተዋወቀ። የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራሞች ውጤትም እንዲሁ አዲስ ቺፕና የሞዴል ቁጥር ያሳያል፤ የዚህኛው ችግር ውጤቱን አስመስሎ መሥራት ቀላል መሆኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሳው ግን በመርሳት የወጣው ስልክ ነው። በማርች 2010 አንድ የአፕል መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬድውድ ሲቲ ባለ መጠጥ ቤት የሙከራ ስልኩን ጥሎ ወጣ። ስልኩ በወቅቱ ገበያ ላይ የነበረውን አይፎን 3ጂኤስ የሚያስመስል ልባስ ለብሶ ስለነበር ያገኘው ሰው መጀመሪያ ተራ ስልክ መስሎት ነበር። ልባሱ ሲወልቅ ሌላ ስልክ ወጣ። ጊዝሞዶ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ 5,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደው፤ ፈታታውና ኤፕሪል 19 ለዓለም አሳየው። አይፎን 4 በይፋ የተዋወቀው ጁን 7 ነው።

ወሬው ሲከሽፍ ደግሞ ምክንያቱ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጪው አይፎን ስክሪኑ በሰንፔር ይሸፈናል የሚለው ጭምጭምታ ዓለሙን ሁሉ አዳረሰ። መሠረት ነበረው፤ አፕል በኖቬምበር 2013 ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ ከተባለ ሰንፔር አምራች ድርጅት ጋር ተዋውሎ 578 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ሊከፍል ተስማምቷል፤ አሪዞና ውስጥ ሜሳ ላይም ፋብሪካ ተከፍቷል። ምስጢር ቢወጣ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ውሉ ያስገድድ ነበር። በሴፕቴምበር 9 ቀን 2014 አይፎን 6 ሲተዋወቅ ግን ስክሪኑ መስታወት ሆነ። ድርጅቱ ኦክቶበር 6 ቀን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ አክሲዮኑ በዚያው ዕለት ከ90 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። ወሬውን አምኖ አክሲዮን የገዛ ሰው የደረሰበትን ሳስብ ይህ ጉዳይ የመዝናኛ ወሬ ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የ2023ቱ አይፎን 15 ፕሮም ተመሳሳይ ነው። የማይንቀሳቀሱ፣ ሲነኩ ንዝረት ብቻ የሚሰጡ ቁልፎች ይኖሩታል ሲባል ከረመ። በኤፕሪል ወር ተንታኙ ሚንግ-ቺ ኩዎ በቴክኒክ ችግር ሐሳቡ መተዉን አሳወቀ፤ ስልኩም የተለመዱትን ቁልፎች ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ወሬ በወጣበት ጊዜ ስለነበረው ዕቅድ ይናገር ነበር፤ ዕቅዱ ተለወጠ። ስለዚህ ሾልኮ የወጣ ነገር ሲደርሰኝ የትኛው የሙከራ ዙር ላይ የታየ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከምረቃው ስምንት ወር በፊት የታየና ሦስት ሳምንት በፊት የታየ እኩል አይመዘኑም።

ኩባንያዎቹ ሕመሙ ይሰማቸዋል። በሜይ 2017 የአፕል ኃላፊ ቲም ኩክ ስለ መጪ አይፎኖች ቀድሞ የሚወጣው ዘገባ መብዛቱ ገዢዎችን እያዘገየ ነው ብሎ ተናግሯል። በቀጣዩ ዓመት ለሠራተኞች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በ2017 ምስጢር ሲያወጡ 29 ሰዎች እንደተያዙና 12ቱ እንደታሰሩ ይገልጻል፤ ያ ማስጠንቀቂያም ሾልኮ የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ እጅ ገብቷል። ጉግል በበኩሉ ሌላ መንገድ ሞከረ። ፒክስል 4 የተባለው ስልኩ ምስሎች መዘዋወር ሲጀምሩ ጁን 12 ቀን 2019 የስልኩን ጀርባ፣ አራት ማዕዘን የካሜራ ጉብታው እንደሚታይ አድርጎ፣ ራሱ ለቀቀው። ስልኩ መድረክ ላይ የወጣው ከአራት ወር በኋላ ኦክቶበር 15 ነበር።