ማዳኛ ፍላሽና ባክአፕ አንድ አይደሉም

እዚህ ደብረ ማርቆስ የሊኑክስ ሰርቨር ከምንይዘው መካከል ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ «በሪር (ሪላክስ ኤንድ ሪከቨር በሚባለው የሊኑክስ ማዳኛ ፕሮግራም) ማዳኛ ፍላሽ ሠርቻለሁ፤ ዲስኩ ቢበላሽ ፋይሎቼ ይመለሳሉ?»

በፍላሹ ብቻ አይመለሱም። «ኤምኬሬስኪው» የሚባለው ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ትንሽ ሲስተምና የዲስኩን አከፋፈል ነው። ጎተራው እንዴት እንደተሠራ ያውቃል፤ ጤፉ ግን እሱ ዘንድ የለም። የሱቅ ሒሳብ የያዘ ዲስክ ቢቃጠል፣ አዲሱን ዲስክ እንደ ድሮው ይከፋፍልላችኋል፤ ሒሳቡ ከሌላ ቦታ ካልመጣ ግን ባዶ ነው።

«ኤምኬባክአፕ» የሚባለው ሌላው የሪር ትእዛዝስ? ይሄ እንዳዋቀራችሁት ይለያያል። በማዋቀሪያው ፋይል የባክአፕ ዓይነት «ኔትኤፍኤስ» (ሪር ራሱ ፋይሎቹን የሚገለብጥበት ዘዴ) ተብሎ ቦታው ከተሰጠ፣ ፋይሎቹን ጠቅልሎ እዚያ ያስቀምጣል። ምንም ካልጻፋችሁ ራሱ ምንም አይገለብጥም፤ በማዳኑ ሰዓት ቆሞ ፋይሎቹን እናንተው እንድትመልሱ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና እባካችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት።

ደግሞ ማዳኑን የሚሠራው «ሪር ሪከቨር» የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩን አጥፍቶ ነው የሚጀምረው። ለሙከራ የምታቀርቡት ዲስክ የምትፈልጉት ነገር የሌለበት ይሁን።