ታርታር ምንድን ነው? በውሻና በድመት ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቢጫ ቅርፊት

የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት ሲፈላበት የኖረን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ላየ ሰው ታርታርን ማስረዳት ቀላል ነው። ታርታር ማለት በጥርስ ላይ የተለጠፈ የባክቴሪያ ሽፋን ከምራቅ የሚያገኘውን የካልሲየም ማዕድን እየያዘ ሲደድር የሚፈጠር፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው ግግር ነው። መነሻው ፕላክ የሚባለው ልስልስ ሽፋን ሲሆን፣ ፕላክ ጥርሱ በጸዳ በሰዓታት ውስጥ እንደገና መሠራት ይጀምራል፤ ሳይነካ ከቆየ ደግሞ በጥቂት ቀናት ይደድራል። የውሻ ምራቅ ከሰው ምራቅ ይልቅ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በመሆኑ ጥርሱ እንደኛ በቀላሉ አይቦረቦርም፤ ያው ምራቅ ግን ግግሩን ያፋጥነዋል።

ያደገ ውሻ 42፣ ያደገች ድመት 30 ጥርስ አላቸው። ታርታር በብዛት የሚታየው የምራቅ ቱቦ በሚከፈትበት በላይኛው መንጋጋ፣ ጉንጭ በሚነካው የጥርስ ገጽ ላይ ስለሆነ የፊት ጥርሶችን ብቻ አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት ያሳስታል፤ ከንፈሩን ወደ ኋላ ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

በአራት ኪሎም ሆነ በካዛንቺስ ውሻ ለረጅም ጊዜ የኖረው በግቢ በር ላይ ስለነበር የአፉን ሽታ ልብ የሚል አልነበረም። ባለቤቱ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ውሻው ከሶፋው ሥር መተኛት ሲጀምር ሽታው ይታወቃል፤ ያን ጊዜም «የውሻ አፍ መቼም ይሸታል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል ስሕተት ነው፤ የጤነኛ ውሻ አፍ አይከረፋም። ሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያው ሲሆን፣ ባክቴሪያው ድዱን ሲያስቆጣው ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። እስከዚህ ድረስ ከሆነ ጥርሱ ሲጸዳ ድዱ ይድናል። እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ ግን የጠፋው አጥንት አይመለስም፤ ጥርሱም ይነቃነቃል።

ስለዚህ የሚታየው ግግር ለአዲስ ፕላክ ሻካራ መደላድል ይሆናል እንጂ ዋናው ሕመም ያለው ከድድ ሥር ነው። እንስሳው ነቅቶ ሳለ በብረት መፋቅ ጥርሱን ቢያነጣውም ሕመሙን እዚያው ይተወዋል። ትክክለኛው እጥበት የሚሠራው በእንስሳት ሐኪም፣ በሙሉ ማደንዘዣ፣ ከድድ ሥር ጭምር ነው፤ ራጅ ካለ ደግሞ ሥሩ ይታያል።

በቤት ውስጥ የሚረዳው በለስላሳ የልጅ ብሩሽ በየቀኑ የጥርሶቹን ውጫዊ ገጽ መቦረሽ ነው። እንስሳ አፉን ስለማይጉመጠመጥ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሰጠውም፤ በተለይ አንዳንዱ ሳሙና የሚይዘው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው። ለእንስሳ የተዘጋጀ ሳሙና ካልተገኘ ብሩሹን በውኃ ማራስ ይበቃል፤ ሥራውን የሚሠራው ፀጉሩ ነውና። ድመቶች ብሩሽን አጥብቀው ይጠላሉ፤ በጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ መጀመር ይሻላል።

ከሥጋ ቤት የሚመጣ አጥንት ጥርስ ያጸዳል የሚባለው ከፊል እውነት አለው፤ ከጥርሱ ጫፍ ጥቂት ግግር ያራግፋል። ነገር ግን ጠንካራ ቅልጥም ትልቁን የላይኛ መንጋጋ ጥርስ ይሰነጥቃል፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ነገር ለውሻው ጥርስም ይከብዳል።

ውሻው በድንገት ለሃጩን ማዝረብረብ ከጀመረና መንጋጋውን መዝጋት ካቃተው ግን ጥርሱን ለማየት እጅ ወደ አፉ መስደድ አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ራስን አርቆ ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል።