ዳርሻን ምንድን ነው?

አባቴን ለህክምና ሙምባይ ይዤ ሄጄ ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ እዛ ትልቅ ሴትን ሁሉም ሰው አንቲ ስለሚል እኛም አንቲ ነበር የምንላቸው፣ ኦፕሬሽኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ማክሰኞ በጠዋት በሬን አንኳኩተው «ነይ ሲዲቪናያክ ቤተመቅደስ ሄደን ዳርሻን እንውሰድ» አሉኝ። እኔ ጆሮዬ የሰማው ድርሳን ነው፣ ድርሳነ ሚካኤል እንደምንለው የሚነበብ ነገር መሰለኝ። አይገናኙም።

ዳርሻን የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ቃል ነው፣ ማየት ማለት ነው። በቃ ማየት። ግን ቃሉን በደንብ የገባኝ አብሮት የሚሄደውን ግስ ስሰማ ነው፣ በሂንዲ ሰው ዳርሻን «ይወስዳል»፣ አምላኩ ደሞ ዳርሻን «ይሰጣል»። እኛ ቤተክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ተሳልሜ መጣሁ እንላለን፣ በሩን ግድግዳውን በከንፈርና በግንባር ነክተን ነው። ሂንዱዎቹ ጋ ያንን የሚያደርገው ዓይን ነው። አንቺ ስታዪው እሱም ያይሻል፣ በረከቱ ያለው እዛ ላይ ነው ብለው ነው የሚያምኑት።

ሲዲቪናያክ ፕራብሃዴቪ የሚባል ሰፈር ነው ያለው፣ መኪናና ፎቅ የበዛበት መሀል ከተማ። በፈረንጆቹ 1801 ትንሽ ሆኖ ነው የተሰራው፣ አሁን ባለ ብዙ ፎቅ ሆኖ ጉልላቱ በወርቅ ተለብጧል፣ መግቢያው ላይ ፍተሻው ኤርፖርት የገባሽ ነው የሚመስለው። የጋኔሽ ነው፣ ያ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው፣ እንቅፋት ያነሳል የሚባለው፣ ስለዚህ ፈተና ያለበት፣ ሱቅ ሊከፍት ያለ፣ ሊያገባ ያለ፣ በሽተኛ ያለው ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፣ ማክሰኞ ደሞ የሱ ቀን ስለሆነ ሰልፉ አያድርስ ነው። አንቲ ቀይ አበባ፣ አንድ እፍኝ ሳር፣ ኮኮናትና ሞዳክ የሚባለውን ጣፋጭ በትንሽ ቅርጫት ገዙ፣ ጫማችንን አስቀምጠን ተሰለፍን። ውስጥ የብር አይጦች አሉ፣ አይጥ የጋኔሽ መጓጓዣ ናት፣ ሰዉ በአንዱ ጆሮዋ ምኞቱን እያንሾካሾከ ነገሩ እንዳያመልጥ ሌላኛውን ጆሮዋን በእጁ ይደፍናል። አንቲም አንሾካሾኩ፣ የአባቴን ስም ሰማሁት።

ከዛ ደረስን። ያን ሁሉ ቆመን ፊቱ የተሰጠን ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ጥበቃዎቹ ቻሎ ቻሎ እያሉ ይገፋሉ፣ ሂዱ ሂዱ ነው። ሀውልቱ ትንሽ ነው፣ 75 ሳንቲሜትር አካባቢ፣ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ነው ግን ብርቱካንማ ቀይ ስለተቀባ ጥቁረቱ አይታይም። እምነቴ ሌላ ቢሆንም እኔ በልማድ ለአክብሮት አንገቴን ደፋሁ። አንቲ ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ እንደውም አፍጥጠው፣ ሳያርገበግቡ፣ እንባቸው እየወረደ ቀጥ ብለው ያዩታል። በክርናቸው ነካ አርገውኝ «ዓይንሽን ክፈቺ እንጂ፣ ለሱ አይደል እንዴ የመጣሽው» አሉኝ።

እዛች ጋ ነው አንድ የኛ ነገር ትዝ ያለኝ። አክስቴ ከገጠር ስትመጣ «ዓይንሽን ለማየት ነው የመጣሁት» ትላለች፣ ሌላ ጉዳይ የላትም፣ ቡናዋን ጠጥታ አይታኝ ትሄዳለች። ለዳርሻን ያገኘሁለት የቅርብ አማርኛ ይሄ ነው፣ ዓይኑን አይቶ መምጣት።

ድንጋይ እንዴት ያያል ለሚል ሰው፣ እነሱም ጠራቢው እጅ ላይ እያለ ድንጋይ ነው ነው የሚሉት። ፕራና ፕራቲሽታ የሚባል ስርዓት አለ፣ እስትንፋስ ማሳደር እንደማለት፣ ዓይኑ የሚከፈተው እዛ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው እይታ ኃይለኛ ነው ስለሚባልም ብዙ ቦታ ፊቱ መስታወት ይያዝለታል። በ2024 ጃንዋሪ 22 አዮድያ የሚባል ከተማ ላይ ራማ የሚባለው አምላካቸው ቤተመቅደስ ሲመረቅ የሀውልቱ ዓይን እስከዛ ቀን በቢጫ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ከዛ በኋላ እንደ ንጉስ ነው የሚያዘው፣ ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ሲበላና ሲተኛ መጋረጃው ስለሚዘጋ ዳርሻን የለም። የቀረበለት ምግብ ተመልሶ ለሰዉ ሲታደል ፕራሳድ ይባላል፣ የኛን ጸበል ጻዲቅ ማሰብ ይቻላል። ውስጠኛው ክፍል ብዙ ቦታ እንደ መቅደሳችን የካህን ብቻ ነው፣ ልዩነቱ የኛ ታቦት ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ ተሸፋፍኖ ነው፣ እዛ ግን በሩ የሚከፈተው ሰዉ እንዲያይ ነው።

ማየት ይሄን ያህል ትልቅ ነገር ከሆነ ታድያ እንዳታይ መከልከል ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። ዳሊት የሚባሉትንና ሌሎች ዝቅ ተደርገው የተቆጠሩ ሰዎችን ብዙ ቤተመቅደሶች ደጃፍ አያስደርሷቸውም ነበር፣ ትራቫንኮር በሚባለው የደቡብ ህንድ ግዛት ውስጥ በአዋጅ የተፈቀደላቸው ገና በ1936 ነው። ኡዱፒ ከተማ ላይ ስለ ካናካዳሳ የሚነገር ታሪክ አለ፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ነው፣ በዘሩ ምክንያት አትገባም ሲሉት ከኋላ በኩል ውጪ ቆሞ ሲዘምር ግድግዳው ተሰነጠቀና ክሪሽና የሚባለው አምላክ ሀውልት ዞሮ ፊቱን ሰጠው ይላሉ። ዛሬም ሰዉ ክሪሽናን የሚያየው በትንሽ መስኮት ነው፣ ከደጅ ላይ ደሞ የካናካ መስኮት የምትባል አለች። እኔ ስለ ዳርሻን ከሰማሁት ሁሉ ይሄን ነው የምወደው። አሁን ያለው ክፍፍል ደሞ በገንዘብ ነው፣ ቲሩፓቲ የሚባለው ትልቅ ቤተመቅደስ ላይ በ300 ሩፒ ትኬት የሚገባበት ሰልፍ ሌላ ነው፣ ቪአይፒ ደሞ ሌላ፣ ይሄ ለኔ ልክ አይደለም።

ቃሉ ለሰውም ይሰራል። ጋንዲ በባቡር ሲያልፍ ህዝቡ ጣቢያ ላይ ሌሊቱን የሚጠብቀው ንግግር ሊሰማ ብቻ አልነበረም፣ ዳርሻኑን ሊወስድ ነው።

ሀሙስ አባቴ ኦፕሬሽን ሲገባ አንቲ አብረውኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ስልካቸውን ቦርሳቸው ላይ አስደግፈው የሲዲቪናያክን ላይቭ ከፈቱ፣ ድምፁን አጥፍተውታል፣ ያ ብርቱካንማ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል። ይሄም ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ነኝ መሄድ ያልቻልኩት እንጂ እሱማ ያየኛል» አሉና ስልኩን ትንሽ ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር አዞሩት።