የተቃጠለን ካሎሪ መልሶ መብላት ምንድን ነው?

ኪሎ ለመቀነስ በቀን የሚበሉትን ካሎሪ የወሰኑ ሰዎች ስፖርት በሠሩበት ቀን አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ያቃጠልኩትን ያህል ጨምሬ ልብላ ወይስ በድርሻዬ ልጽና? ጨምሮ መብላቱ ነው የተቃጠለን ካሎሪ መልሶ መብላት የሚባለው። ድርሻው 1,500 የሆነና በእግር ጉዞ 200 ያቃጠለ ሰው 1,700 በላ እንደማለት ነው።

መልሱን የሚወስነው ያ 1,500 ከየት እንደመጣ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜዋ 34፣ ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 75 ኪሎ የሆነ አንዲት የደሴ ሴት እንውሰድ። ሚፍሊን ሴንት ጆር በሚባለው ቀመር ኪሎዋን በ10፣ ቁመቷን በ6.25 አባዝታ ትደምራለች፤ ከድምሩ ላይ ዕድሜዋን በ5 አባዝታ ትቀንሳለች፤ በመጨረሻም 161 ትቀንሳለች። ወንድ ቢሆን 161 በመቀነስ ፈንታ 5 ይደምራል። የእሷ 1,430 ገደማ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ብትተኛ እንኳ ሰውነቷ ይህን ይፈጃል። ሱቅ ወይም ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ከሆነ በ1.2 ታባዛለች፣ 1,720 ይሆናል። ካሎሪ የሚያሰላው የስልክ አፕ ሲጠይቃት «በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ስፖርት እሠራለሁ» ካለች ግን የሚያባዛው በ1.55 ነው፣ 2,220 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 500 ካሎሪ ራሱ ስፖርቱ ነው።

ከ2,220 ላይ 400 ቀንሳ ድርሻዋን 1,820 አደረገች እንበል። ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ወጥታ ስትመለስ ካሎሪ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቷ 500 አቃጥለሻል አላት፣ ያንን ጨምራ 2,320 በላች። ስፖርቱ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ ለመቀነስ የያዘችው 400 ጠፍቶ ጭራሽ 100 ተረፈ። ወር ሙሉ ዳገት ወጥተው ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህንን ነው። በ1.55 ያባዛ ሰው ምንም መልሶ አይብላ።

በ1.2 ያባዛች ከሆነ ነገሩ ይለያል። ከ1,720 ላይ 400 ስትቀንስ ድርሻዋ 1,320 ብቻ ስለሆነ ስፖርቱ አልተቆጠረም፤ ከፊሉን መልሳ መብላት አለባት። ከፊሉን የምንለው የሰዓቱ ቁጥር ስለማይታመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 7 የእጅ መሣሪያዎችን ፈትሾ፣ የልብ ምትን ደህና አድርገው ሲለኩ ካሎሪን ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ስቶ አግኝቶታል። በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ የወጣ እንግዳ ከፍታውን እስኪለምድ ድረስ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ በልብ ምት የሚገምት ሰዓት ያንን እንደ ተጨማሪ ሥራ ሊቆጥርለት ይችላል። ጂም ያለው መሮጫ ማሽንም ክብደታችሁን ካላስገባችሁለት የሚያሳየው የሌላ ሰው ካሎሪ ነው።

በእጅ ብናሰላው ይሻላል። 75 ኪሎ የሆነ ሰው በኮምቦልቻ ሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ቢራመድ ወደ 260 ካሎሪ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 75ቱን ተቀምጦም ያቃጥለው ነበር፤ የጉዞው የራሱ 185 ነው። ዳገቱ ይበልጣል፤ ከ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ መንገድ ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለግማሽ ሰዓት ሲወጡ የጉዞው ብቻ 200 ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ግን ያን ያህል አይበላም፣ ግማሽ ሰዓቱ ከ75 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ የአንድ ሰዓቱ ደርሶ መልስ 275 እንጂ 500 አይደለም። ግማሹን፣ 140 ያህል፣ ትብላ። ለ20 እና 30 ደቂቃ የሰፈር ዙር ጉዞ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

ይህ 140 በሳህን ላይ ትንሽ ነገር ነው። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ወይም አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ፣ 35 ግራም ገደማ። 100 ግራም እንጀራም ከዚህ አይርቅም። ሽሮ ላይ በዓይን ግምት የሚንቆረቆረው ዘይት ግን በአንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው፤ ድስቱ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ቢያልፍ ዳገቱ ሙሉውን እዚያው ቀረ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ወደ 50 ነው፣ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣው ሰው ራሱ ይደምረው። መልሳችሁ የምትበሉትን ከእንቁላል፣ ከምስር ወይም ከሽምብራ ብታደርጉት እንመርጣለን፤ ጡንቻ እንዲቆይ ይረዳል፣ ረሃብም ያስታግሳል። በጾም ወራት ደግሞ ምስርና ሽምብራው ግድ ነው።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። ጠዋት ዳገት የወጣ ሰው ደክሞት ከሰዓት በኋላ ይጋደማል፣ በእግሩ ይሄድበት የነበረውን ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በባጃጅ ይሄዳል። የተቃጠለው በዚህ በኩል ይመለሳል፣ ሰዓቱ ግን ይህን አይነግራችሁም። ሙሉውን አትብሉ የምንልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ይህን ስሌት ብቻቸውን አይሞክሩት፤ ከስፖርት በኋላ ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ምግቡንም መድኃኒቱንም ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም አትጠቀምበት። ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የወር አበባ መቅረት ካለ የምትበሉት አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጨምሩ፣ ካልተሻላችሁም ሐኪም ይያችሁ።

ግምቱን የሚያርመው ሚዛን ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ሳትበሉ ተመዘኑ፤ የ7 ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አወዳድሩ። ስፖርት በጀመራችሁበት ሳምንት ጡንቻ ውሃ ስለሚይዝ ኪሎ ቢጨምር አትደንግጡ። ከ3 ሳምንት በኋላ አማካዩ ካልወረደ መልሳችሁ የምትበሉትን ተዉት። በሳምንት ከክብደታችሁ 1 በመቶ በላይ እየወረደ ከሆነ ደግሞ በቀን ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ጨምሩ።