ቪው ሶርስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ዌብ ዴቨሎፕመንት ልማር ብሎ ኮርስ ሲያማርጥ ሁለት ወር ፈጀና መጨረሻ ላይ ሲሰለቸው "ቆይ ግን እናንተ ዩቲዩብ ሳይኖር ከምን ነበር የተማራችሁት?" ብሎ ጠየቀኝ። ከቪው ሶርስ አልኩት። "እሱ ደሞ ምንድን ነው፣ ሳይት ነው?" አለኝ። ሳይት አይደለም፣ ብራውዘር (ዌብሳይት የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ እንደ ክሮም ያለው) ውስጥ ያለች አንዲት ትእዛዝ ናት፣ እሱም ኮምፒውተር ላይ አለች ግን ነክቷት አያውቅም። ለሱ ያልኩትን እዚህም ላስፍረው፣ ሌላም የሚጠይቅ አይጠፋም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ነገርዬው እንዲህ ነው። አንድ ዌብሳይት ስትከፍቱ ሰርቨሩ (ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) መጀመሪያ የሚልክላችሁ ተራ ፅሁፍ ነው። "ይሄ ርእስ ነው፣ ይሄ አንቀፅ ነው፣ እዚህ ጋ ፎቶ አለ ከዚያ አምጣው፣ ይሄ ቃል ሲነካ ወደዚህ ገፅ ውሰድ" የሚሉ ምልክቶች የተሰካኩበት ፅሁፍ፣ ምልክቶቹ ታግ ይባላሉ፣ ሙሉው ነገር ደሞ ኤችቲኤምኤል። ብራውዘሩ ያንን ያነብና ገፁን እናንተው ማሽን ላይ ይሰራዋል። ቪው ሶርስ ማለት በቃ ብራውዘሩን "አሳምረህ አታሳየኝ፣ የመጣልህን ወረቀት እንዳለ ስጠኝ" ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልን ከዩ ጋር መጫን ነው፣ ወይ ራይት ክሊክ አድርጎ ቪው ፔጅ ሶርስ የሚለውን መምረጥ። ብራውዘሩ ገፁን እንዲሰራው ፅሁፉ የግድ እጁ መግባት ስላለበት ባለቤቱ ልደብቅ ቢል እንኳ አይችልም። ድሮ ራይት ክሊክ ስታደርጉ "መቅዳት ክልክል ነው" የሚል ሳጥን የሚያወጡ ሳይቶች ነበሩ፣ ከላይ ሜኑው ላይ ሄዶ ቪው ማለት ግን ማንም አይከለክልህም፣ በሩን ቆልፎ መስኮቱን ክፍት እንደመተው ነው።

የሚገርመው ይሄ ነገር ለማስተማሪያ ተብሎ የታሰበ አይደለም። ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እዚያ ስዊዘርላንድ ሰርን የሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማእከል ውስጥ በ1990 የሰራው የመጀመሪያው ብራውዘር ማንበቢያም መፃፊያም ነበር፣ ልክ እንደ ወርድ እዚያው ላይ ትፅፋለህ፣ ሊንክ ታደርጋለህ፣ ታጉን ማንም አያየውም፣ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ኤችቲኤምኤል ይፅፋል የሚል ሀሳብም አልነበረውም። ግን የሱ ብራውዘር የሚሰራው ኔክስት የሚባል ብዙ ሰው የሌለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ለብዙሀኑ የደረሰው ሞዛይክ የሚባለው ብራውዘር ነው፣ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በ1993 ያወጡት፣ እሱ ደሞ ማንበብ እንጂ መፃፍ አይችልም። እንግዲህ ገፅ መስራት የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ ኖትፓድ ከፍቶ ታጉን በእጁ መልቀም ሆነ ማለት ነው፣ በእጅ ለመልቀም ደሞ ሌላው ሰው እንዴት እንደለቀመው ማየት ያስፈልጋል፣ ማያዋ ደሞ እዚያው ብራውዘር ላይ አለች።

መመሪያ ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ሞዛይክን ያወጣው ማእከል ራሱ ለጀማሪ የሚሆን ፅሁፍ ነበረው። ግን ሰው ከመመሪያው ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ኤችቲኤምኤል 2 የሚባለው መደበኛው ሰነድ የወጣው ህዳር 1995 ላይ ነው፣ ያኔ ኔትስኬፕ የሚባለው ብራውዘር ከወጣ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር፣ ሰው ደሞ ሰነዱ ላይ የሌሉ ነገሮችን በየገፁ ሲሰራ ከርሟል። ጥሩ ምሳሌ ቴብል ነው። ቴብል የተፈጠረው ቁጥር በረድፍና በአምድ ለመደርደር ነው፣ ሰው ግን ጠርዙን ዜሮ አድርጎ ሙሉ ገፁን እሱ ላይ ገነባበት፣ ሜኑው ግራ ፅሁፉ ቀኝ። ክፍተት ሲያስፈልግ ደሞ አንድ ፒክስል በአንድ ፒክስል የሆነች የማትታይ ጊፍ ፎቶ አስገብተው ስፋቷን ሁለት መቶ ይሏታል። ይሄን ያስተማረ ክፍል የለም፣ አንዱ የአንዱን ሶርስ እያየ ነው የተዛመተው፣ እኔም ያችን ጊፍ መጀመሪያ ሳያት ፎቶው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

እኔ የጀመርኩት ኢንተርኔት ካፌ ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ሲሆን እኔ ግን ካፌ ውስጥ የተቀመጥኩት ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ሂሳቡ በደቂቃ፣ መስመሩ በስልክ፣ ስለዚህ እዚያ ቁጭ ብሎ መማር የሚባል ነገር የለም። ደስ ያለኝን ገፅ እከፍታለሁ፣ ሶርሱን ሴቭ አዝ ብዬ ፍሎፒ ዲስኬት ላይ እጭናለሁ፣ እወጣለሁ። ፍሎፒዋ 1.44 ሜጋባይት ናት፣ ለፅሁፍ ግን ጎተራ ነው። ከዚያ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይ በኖትፓድ ከፍቼ አንድ ነገር እቀይራለሁ፣ ለምሳሌ የጀርባውን ቀለም፣ ሴቭ፣ ወደ ብራውዘር፣ ሪፍሬሽ። ተቀየረ! አንድ ታግ ሳጠፋ ግማሹ ገፅ ወደ ታች ሲናድ ደሞ ያ ታግ ለምን እንደነበረ ይገባኛል። የመጀመሪያ ቀን ገፁን ስከፍተው ፎቶዎቹ በሙሉ ጠፍተው በየቦታቸው ቀይ ኤክስ ብቻ ነበር፣ ካፌው አጭበርብሮኛል ብዬ ተናድጄ ስመለስ አስተናጋጁ ልጅ ሳቀብኝ፦ "ፎቶው እኮ እዚህ ውስጥ የለም፣ አድራሻው ነው ያለው።" እንዳለውም ሶርሱ የያዘው ፎቶው ያለበትን ፎልደርና ስሙን ብቻ ነው፣ እኔ ዲስኬት ላይ ደሞ ያ ፎልደር የለም።

የአማርኛ ገፅ ሶርስ ደሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) የግእዝ ፊደልን ያካተተው በ1999 ነው፣ ከዚያ በፊት (ከዚያ በኋላም ለዓመታት) የአማርኛ ሳይት ስትከፍቱ መጀመሪያ "ፎንቱን ዳውንሎድ አድርጉ" ይላችኋል። ፎንቱን ከጫናችሁ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ፣ ቪው ሶርስ ስትሉ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ። እዚያ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ እየፃፈ አልነበረም፣ የላቲኑን ፊደል የግእዝ ልብስ አልብሶ ነበር የሚያሳየን፣ ልብሱ ፎንቱ ነው። አንዱ ፎንት ላይ የተፃፈ ሌላው ፎንት ላይ ዝብርቅርቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ዩኒኮድ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ ብዙ ሳይቶችም ቁጥሩን እንዳለ ሶርሱ ውስጥ ይፅፉት ነበር። "ሰላም" ማለት 4656፣ 4619፣ 4637 ነው፣ ሀ ከ4608 ይጀምርና በየቤቱ ይቆጥራል። በሀ ሁ ሂ ተራ ስለሆነና ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ (ሰባት አይደለም) ስለተያዘለት በጣት እየቆጠሩ ማግኘት ይቻላል፣ ሞክሩት።

ግን ቪው ሶርስ ሁሉን አያሳይም፣ ብዙ ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ የእንግዳ መዝገብ (ጎብኚ መልእክት የሚተውበት) ያለው ገፅ ሶርሱን ብታዩ ፎርሙ አለ፣ ሰብሚት ሲባል የሚሄድበት አድራሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሲጂአይ ቢን የሚባል ፎልደር ውስጥ። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም። መልእክቱን ተቀብሎ ፋይል ላይ የሚፅፈው ፕሮግራም፣ ያኔ በብዛት ፐርል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚፃፈው፣ ሰርቨሩ ላይ ይሰራና ውጤቱን ብቻ ነው የሚልክልን። ያንን ለመማር ሰው ኮዱን ራሱ ፈቅዶ እንዲሰጥህ ያስፈልጋል፣ ማት ራይት የሚባል የሃይስኩል ተማሪ በ1995 የራሱን የፐርል ስክሪፕቶች በነፃ ማውረጃ አድርጎ ሲከፍት ዓለም የተሻማበትም ለዚሁ ነው። በነገራችን ላይ ከነዚያ ውስጥ ፎርም ወደ ኢሜል የምትልከዋ ስክሪፕት ቀዳዳ ነበራት፣ ስፓም ላኪዎች እሷን እያሳደዱ በሰው ሰርቨር ኢሜል ይረጩ ነበር። ሲቀዳ ስህተቱም አብሮ ይቀዳል እንግዲህ።

ዛሬስ? የአክስቴ ልጅ እዚያው እያለሁ የሚወደውን ሳይት ከፍቶ ኮንትሮል ዩ አለ። የወጣለት መጨረሻ የሌለው አንድ መስመር የታጨቀ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሰራ የፕሮግራም ኮድ) እና አንድ ባዶ ዲቭ (ሌላ ነገር የሚገባበት ሳጥን የሆነ ታግ)። "ይሄ ነው ትምህርቱ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አሁን ብዙ ገፅ የሚሰራው ጃቫስክሪፕቱ ከወረደ በኋላ ነው፣ ተሰርቶ ያለቀውን ለማየት ራይት ክሊክ ስታደርጉ የሚመጣው ኢንስፔክት ነው የሚሻለው፣ ቪው ሶርስ ሰርቨሩ የላከውን፣ ኢንስፔክት ደሞ አሁን በዚህች ደቂቃ ያለውን ነው የሚያሳየው።

እሱን ዘጋሁበትና የሰርንን የመጀመሪያ ገፅ ከፈትኩለት፣ ቅጂው አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ኮንትሮል ዩ። ሙሉው አንድ ስክሪን ከምናምን ነው፣ ርእስ፣ ዝርዝር፣ ሊንክ፣ አለቀ። ዝም ብሎ እየጠቆመ አነበበው። ከዚያ "ኤችቲኤምኤል የሚለው ታግ የታለ? ደሞ ሄድ መሆን ሲገባው ሄደር ብሎታል፣ ተሳስቷል" አለኝ። አልተሳሳተም፣ በርነርስ ሊ ያኔ ገና ለታጎቹ ስም እያወጣላቸው ነበር አልኩት። ላፕቶፑን ወደራሱ ሳበና ኖትፓድ ከፈተ።