የገና ቁጥር አንድ ምንድን ነው?

ዲሴምበር ሲገባ ብሪታንያ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከአፍ አይጠፋም፤ ዘንድሮ የገና ቁጥር አንድ ማን ይሆናል? የሚወራው ስለ ዘፈን ነው። የኛ ዘፋኞች አልበም ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ለማድረስ እንደሚሯሯጡት፣ እዚያም ሩጫው ለገና ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ነገሩ ራሱ ቀላል ነው። በየሳምንቱ የነጠላ ዜማዎች ሽያጭ ይቆጠርና ከአንድ እስከ መቶ ደረጃ ይወጣል። አሁን ቆጠራው ከዓርብ እስከ ሐሙስ ነው። ገና በሚውልበት ሰሞን አናት ላይ የተገኘው ዘፈን «የገና ቁጥር አንድ» ተባለ ማለት ነው። በቃ። ዳኛ የለውም። ዘፈኑ ስለ ገና መሆንም የለበትም። ያው የሁልጊዜው ቆጠራ ነው፤ ቀኑ ነው ያከበረው። ደግሞ ቤቲንግ አለበት፤ ብር የሚያሲዙ ሰዎች ከወራት በፊት ይጀምራሉ።

ደረጃው የተጀመረው ኖቬምበር 14 ቀን 1952 ነው። «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» የሚባል የሙዚቃ ጋዜጣ ውስጥ ፐርሲ ዲኪንስ የሚባል ሰው ነበር። ሃያ ለሚሆኑ ሙዚቃ ቤቶች ስልክ እየደወለ የትኛው ሸክላ በብዛት እንደሄደ ጠየቀና ዝርዝሩን አወጣ። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ አል ማርቲኖ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ስለቆየ የመጀመሪያውን ገናም እሱ ወሰደው። ያኔ ግን ማንም ጉዳዬ ብሎ አልተከታተለውም። ፉክክሩ የጦፈው በ1973 ነው፤ ስሌድና ዊዛርድ የተባሉ ሁለት ባንዶች የገና ዘፈን ይዘው መጡ፣ ስሌድ አሸነፈ።

እኛን የሚነካን ዓመት 1984 ነው።

ኦክቶበር 23፣ በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ ማይክል በርክ ከኮረም የላከውን ዘገባ አሳየ። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። «ሰባ ሰባት» ሲባል ዛሬም የሚሰቀጥጠን ያ ድርቅ ነው። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን ቤቱ ሆኖ አየ። ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ጻፉ። ኖቬምበር 25፣ እሑድ ቀን፣ የዘመኑን ዘፋኞች ለንደን ኖቲንግ ሂል ያለ ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ቦይ ጆርጅ ኒው ዮርክ ነበር። ጌልዶፍ በስልክ ቀሰቀሰው፤ ኮንኮርድ በሚባለው በጣም ፈጣን አውሮፕላን ተሳፍሮ ማታ ደረሰ። ባንድ ኤይድ የተባለው ይህ ስብስብ ነው።

የዘፈኑ ርዕስ ጥያቄ ነው፤ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን? ይላል። እውነቱን ለመናገር ይቺ ጥያቄ ሁሌ ፈገግ ታሰኘኛለች። ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን ለያዘ፣ የገናን ሌሊት ላሊበላ ላይ ቆሞ ለሚያድር ሕዝብ ነው እኮ የተጠየቀው! መልሱ «እናውቃለን፣ የኛ ገና 13 ቀን ይቀረዋል» ነበር። ግጥሙ አፍሪካን ዝናብም ወንዝም የሌላት ያስመስላታል። ዓባይን ምን ሊሉት ነው? ይህ ትችት እየበረታ የመጣው ቆይቶ ነው። ያኔ ሰው ሸክላውን የገዛው ኮረምን ስላየ ነው፤ በዚያ አልቀልድም። ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። አምስት ሳምንት አናት ላይ ቆየ። እናም ታኅሣሥ 29 ቀን 1977 ዓ.ም. እኛ ገናን ስናከብር ዘፈኑ እዚያው ነበር። የኛም ገና ቁጥር አንድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀልድም ቁምነገርም አለበት። ከ2005 እስከ 2008 ድረስ «ኤክስ ፋክተር» የሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር አሸናፊ በየዓመቱ ገናን ወሰደው። ይሄ ያንገሸገሻቸው አንድ ባልና ሚስት በ2009 ፌስቡክ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ስድብ የሞላበት የ1992 የሮክ ዘፈን ግዙ አሉ። ሕዝቡ ገዛ፤ አሸነፉ። በ2011 የወታደር ሚስቶች ኳየር አሸነፈ። በ2015 ደግሞ የለንደን ሆስፒታሎች ሠራተኞች ኳየር ጀስቲን ቢበርን ቀደመ። ቢበር ራሱ አድናቂዎቹን «የእነሱን ግዙ» ብሎ ነበር። ነርስና ሐኪም የሚዘምሩበት ኳየር ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው።

ከ2014 ወዲህ በኢንተርኔት ማዳመጥም ይቆጠራል። ስለዚህ የድሮ የገና ዘፈኖች በየዓመቱ ይነሣሉ።

በ1984 ሁለተኛ የወጣው ዋም የተባለው ባንድ የገና ዘፈን ነበር። ድምፃዊው ጆርጅ ማይክል ባንድ ኤይድ ውስጥም ዘፍኗል፤ ራሱን በራሱ ቀደመ ማለት ይቻላል። ዋም ከዚያ ዘፈን የሚያገኙትን ገንዘብም ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ሰጡ። ዘፈኑ በየገናው እየተደመጠ፣ በ39 ዓመቱ፣ በ2023 የገና ቁጥር አንድ ሆነ። ጆርጅ ማይክል አላየውም። በ2016 ሞቷል፤ ዲሴምበር 25፣ የገና ዕለት።